«ጥናት ሼልፍ ላይ ነው የሚቀረው» ላልከው ወንድሜ፣ ከባህር ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሼር ሲያደርገው የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሼልፍ ላይ አቧራ ይጠጣል እንጂ ለተራው ሰው ጠብ ያለለት ነገር የለም፣ ጣና ላይ እምቦጭን የነቀለው ገበሬው ነው ምሁሩ ወርክሾፕ ላይ ነበር፣ እርሻውንም ገበሬው ከአባቱ ነው የተማረው፣ ሪሰርች የሚሠራው ለፕሮሞሽንና ለፈረንጅ ጆርናል ነው፣ ስለዚህ የምርምር በጀቱ ተቆርጦ ለመንገድና ለንጹህ ውሃ ይዋል። ጸሐፊው የባህር ዳር ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል፣ ከልቡ ተናዶ ነው የጻፈው፣ ከንዴቱ ግማሹ የኔም ነው። መደምደሚያው ግን ይጎዳናል ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ መምህርም ተመራማሪም አይደለሁም፣ ግን በየገጠሩ እየዞርኩ ለጥናት መጠይቅ ሳስሞላ ስለኖርኩ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ፣ ከሚጠይቀውም ከሚጠየቀውም።

«ለተራው ሰው ጠብ ያለለት ነገር የለም» ከሚለው ልጀምር፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት ምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው የምትኖረው። መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ የምትይዛት ወረንጦ ነበረቻት። የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋታል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ዞራ ትቀመጥና የጎረቤት ልጅ ጠርታ «እስቲ ነቃቅይልኝ ልጄ» ትላታለች። ልጅቷ የላይኛውን ቆብ በአውራ ጣቷ ቀና አድርጋ አንድ በአንድ ትነቅልላታለች፣ አክስቴ እንባዋ እየወረደ ጉልበቷን ጨብጣ ትቆያለች፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፀጉሩ አጥሮና ጠንክሮ ይወጣና እንደገና ያው ነው። ትራኮማ ነው፣ ጎጃምና ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቆቧን ተሠራች፣ እፎይ አለች፣ ግን ፀጉሩ ተመልሶ መጣ። ያኔ ሰፈሩ «ኦፕራሲዮኑም ዋጋ የለውም» አለ፣ መሠራት የነበረባቸው ሌሎች ሴቶችም የሷን አይተው ቀሩ።

ጥናቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው ወንድሜ። ቆቡን ለማስተካከል በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ነበሩ፣ አንደኛው ቆቡን ከውጭ ቆዳው እስከ ውስጥ ድረስ ይቆርጠዋል፣ ሁለተኛው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ብቻ ነው የሚቆርጠው። ሁለቱም በሰፊው ይሠራባቸው ነበር፣ ባለሙያው የተማረውን ይሠራል፣ የትኛው ፀጉሩን ቶሎ እንደማይመልስ ግን በርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ይሄን ለመለየት እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ 1000 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ተሠሩ፣ ሥራውን የመራው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነው፣ ከለንደኑ የሃይጂንና ትሮፒካል ሜዲስን ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ፣ ውጤቱም በፈረንጆቹ 2016 ታተመ። በዓመቱ ሲታዩ ቆዳ ድረስ የተቆረጠላቸው ላይ 22 በመቶ ገደማ ተመልሶባቸዋል፣ ከውስጥ ብቻ የተቆረጠላቸው ላይ 13 በመቶ ገደማ። ይሄ ልዩነት በወረቀት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፣ ከ100 ሴት 9ኙ ወረንጦዋን ዳግመኛ ከመቀነቷ አትፈታም ማለት ግን ነው። አክስቴ ከዚያ በፊት ስለተሠራች አልደረሰላትም፣ ከሷ በኋላ ለሚመጡት ነው የሚደርሰው። እነሱም ቢሆኑ የጥናቱን ስም አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። ጥናት ሰው ጋ የሚደርሰው በነርሷ እጅ በኩል ነው፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ይቀራል፣ አንተ ግን የቆጠርከው ስሙ የተጻፈበትን ሼልፍ ብቻ ነው።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄኛው ሐይቁ ዳር ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሊቦ ከምከም ላይ ሰው ይታመም ነበር፣ ለወራት የማይለቅ ትኩሳት፣ ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ይሰጣል አይሻለውም፣ መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ፣ ሰው ሞተ። ካላዛር ነበር፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ነክሳ የምታስተላልፈው በሽታ። ካላዛር የመተማና የሁመራ በሽታ ነው ተብሎ ነበር የሚታወቀው፣ ሰሊጥ አረም ሄዶ የሚመጣ ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ እዚህ ደጋው ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ከታወቀ በኋላ በየቤቱ ተዞሮ ተጠየቀ፣ ማን ታመመ፣ የት ይተኛል፣ ውሻ አለው ወይ፣ ቀን ቀን የት ያርፋል፣ ከዚያ ነው ግራር ሥር መተኛትና ውጭ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ የታየው። መጠይቅ ማስሞላት ምን ዋጋ አለው ለሚል ሰው መልሱ ይሄው ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፣ ከዚህ አካባቢ የሚሄድ በሽተኛም እዚያ ይታከማል። ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ለያዛቸው ሰዎች የትኛው መድኃኒት ይሻላል የሚለው ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነው የተፈተነው፣ አምቢሶም ከሚልቴፎሲን ጋር ተቀናጅቶ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ይሄንኑ መከረ። እኛ ሰፈር በሽተኛ ላይ የተሠራ ጥናት ኬንያና ሱዳን ያለውን በሽተኛ ጭምር ያክማል፣ እኔ በዚህ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

አሁን እምቦጩ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ነው የጻፍከው፣ ደምቢያና ፎገራ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ምሁሩ በአዳራሽ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ይለቀቅ አይለቀቅ እያለ ይከራከር ነበር ብለሃል። እውነት ነው፣ ክርክሩ ረዝሟል፣ የገበሬውን ድካምም ማንም አይክድም፣ በዘመቻው ጊዜ ያን ውሃ ውስጥ ሰዓታት የቆመ ሰው ሁሉ ውለታ አለብን። ግን ነቅለን ነቅለን ለምን ተመልሶ መጣ? የሚለውን ጥያቄ በእጅ ብዛት አትመልሰውም። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ስለዚህ አበባ ካወጣ በኋላ ነቅለህ ዳር ላይ ብትከምረው ዘሩ ያው ዳር ላይ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃው ከፍ ሲል መልሶ ይወስደዋል። መቼ ይነቀል፣ የት ይጣል፣ ከሐይቁ ምን ያህል ይራቅ የሚለው የጥናት ጥያቄ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አረሙ የበዛው ለምን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻው ላይ ነው? መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ የሚገቡት በዚያ በኩል ነው፣ ዳርቻው ጥልቀት የለውም (ሐይቁ በጠቅላላው ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው)፣ ወንዞቹ አፈሩንና ማዳበሪያውን አጥበው ያመጡለታል፣ እምቦጩ እሱን በልቶ ነው የሚወፍረው። እንግዲህ የጣና ነገር ከጣና ውጭ፣ ላይ ተራራው ላይ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። ይሄን ካልያዝን በየዓመቱ ስንነቅል እንኖራለን። ጥንዚዛውን በተመለከተ ደግሞ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በኡጋንዳ በኩል በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ አረሙን ለመቀነስ እንደረዳ ይታወቃል፣ ሐይቅ ውስጥ አንዴ የለቀቅከውን ነፍሳት ግን ተመለስ አትለውም፣ እዚህስ ሌላ ተክል ይነካ ይሆን ብሎ አስቀድሞ መፈተሽ የግድ ነው። ጣና እኮ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው፣ የዓባይ መነሻ ነው፣ ሳይጠና የሚሞከርበት ቦታ አይደለም።

ስለ ተራራው ካነሳሁ አይቀር ደብረ ማዊን ልንገርህ፣ በዚህ ጉዳይ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ ስለሆነ። ከባህር ዳር ወደ አዴት ስትሄድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው የተፋሰስ ማስተርስ ፕሮግራም ተማሪዎቹ እዚያ ወርደው ክረምቱን ሙሉ ሠሩ። ምን ሠሩ መሰለህ፣ መሬት ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀብራሉ፣ ከዚያ በየጊዜው እየሄዱ ሜትር አስገብተው የከርሰ ምድር ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደደረሰ ይጽፋሉ፣ ከወንዙ ደግሞ ድፍርሱን ውሃ በጠርሙስ ይቀዱና ስንት አፈር እንደያዘ ይመዝናሉ። ዝናብ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ፎቶ አንስተህ ፖስት የምታደርገው ነገር የለውም።

የተገኘው ነገር ግን ሁላችንም የምናስበውን የቀየረ ነው። እኛ የምናውቀው ጎርፍ ከላይ ከዳገቱ ይነሳል፣ እርከን ሥራ፣ በቃ። ቱቦዎቹ ያሳዩት ግን ሌላ ነው፣ ከፍ ያለው ዳገት አፈሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ዝናቡን ይጠጣል፣ ጎርፉ በብዛት የሚነሳው ውሃ ከጠገበው ከታችኛው መሬትና ከተራቆተው ቦታ ነው። አፈሩን በብዛት የሚወስደው ደግሞ ቦረቦሩ ነው፣ ከማሳው ላይ ከሚታጠበው ብዙ እጥፍ፣ ምክንያቱም ታች ያለው መሬት ውሃ ሲጠግብ የቦረቦሩ ግድግዳ ራሱን መሸከም ያቅተውና ይናዳል። ይሄ ማለት በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ ወጥቶ በዘመቻ የሚቆፍረው ጉድጓድና እርከን ሁሉም ቦታ እኩል አይጠቅምም፣ ጭራሽ ውሃ የጠገበ መሬት ላይ ውሃ የሚያስቀር ቦይ ከቆፈርክ ቦረቦሩን ልታግዘው ትችላለህ። ቦረቦር ገና ትንሽ እያለ አናቱን መያዝ፣ ግድግዳውን አስተኝቶ ሣርና ዛፍ መትከል፣ ከብት ማራቅ ይሻላል። የስንት ሰው የስንት ቀን ጉልበት ነው በዚህ የሚድነው! ገበሬውን እወዳለሁ ካልን ጉልበቱን ከንቱ አለማስቀረትም ፍቅር ነው።

ደግሞ አንተ ገበሬውንና ምሁሩን ባላንጣ አድርገህ ነው ያቀረብካቸው፣ «ገበሬው ከአባቱ ተምሮታል» ብለህ። እነዚያ ተማሪዎች ቦረቦሩ መቼ እንደጀመረ ያወቁት እኮ ሽማግሌ ጠይቀው ነው፣ ይሄኛው ያኔ የለም ነበር፣ ይሄን በእግር እንሻገረው ነበር ብለው ነገሯቸው። የገበሬው እውቀት ጥናቱ ውስጥ አለ። ጤፍን ብትወስድ፣ አዎ ጤፍን ያላመደው አርሶ አደሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ምን ሪሰርች አለ። ነገር ግን ነጭ ሆኖ ምርቱ የሚያንስና ብዙ የሚያፈራ ግን ነጭነቱ የማይደርስ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ገበሬው በማሳው የሚችለው ነገር አይደለም፣ የጤፍ አበባ ከማነሷ ብዛት በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ ራሷን በራሷ ነው የምታዳቅለው፣ የምትከፈተውም ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ነው። ይሄን የደረሰበት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ፣ እስከዚያ ጤፍ አይዳቀልም ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማኛና ዱከም የሚባሉት ዝርያዎች ተዳቅለው ቁንጮ የተገኘው፣ በፈረንጆቹ 2006 ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል አወጣው፣ ማዕከሉን ደግሞ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ያቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው። ገበያ ሄደህ «ቁንጮ አለ?» ብለህ የገዛህ ቀን የዩኒቨርሲቲ ምርምር በከረጢት ተሸክመህ ቤትህ ገብተሃል። የፎገራን ሩዝ ያነሳኸው ላይ አልከራከርህም፣ ያመጣው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ከማኅበራቱ ጋር ሆነው የጀመሩት፣ ዛሬ ግን ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፣ ያለ ምክንያት አልተቋቋመም።

ዓሣውን ጽሑፍህ ላይ አለማንሳትህ ገርሞኛል፣ የጣና ዳር ሰው ሆነህ። ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም፣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የሉም። ይሄንን የለዩት የሆላንዱ ቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የኢትዮ-ሩሲያ የባዮሎጂ ጥናት ቡድን ከኛ ሰዎች ጋር ሆነው ነው። ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ፣ አስጋሪው ደግሞ በዚያው ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረቡን ይዘረጋል፣ ዓሣው ከነእንቁላሉ ይያዛል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሞተር ጀልባና ናይሎን መረብ በገባ በ15 ዓመት ውስጥ የነዚህ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱ የተለካው በጥናት ነው። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው ሰው ዓሣው ማነሱን ከሁሉም በፊት በመረቡ አውቆታል፣ ምን ያህል እንደወረደና የት ጋ እንደሚያልቅ ግን ለዓመታት የተመዘገበ ቁጥር ነው የሚናገረው፣ ሕግ የሚወጣውም በዚያ ነው። ሕጉ አለ፣ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ግን ዛሬም አይጠፋም። እና ጥፋቱ የጥናቱ ነው?

እዚህ ላይ ነው አንተም እኔም የምንናደድበት ነገር። «ለፕሮሞሽንና ለፈረንጅ ጆርናል» ያልከው ውስጥ እውነት አለ፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ። አንድ ቀበሌ ላይ አንድ አባት መጠይቁን ይዤ ስገባ «ልጄ ያለፈው ዓመትም መጥተው ስንት ጥማድ መሬት አለህ ብለው ጽፈው ሄዱ፣ ምን አገኙ?» አሉኝ፣ የምመልሰው አልነበረኝም። ጥናቱን ያሠራው ክፍል ውጤቱን መልሶ ያምጣላቸው ብዬ ጠይቄያለሁ፣ በጀቱ ላይ የለም ነው የተባልኩት። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ያ አባት ዛሬም አልሰሙም። ይሄ ነውር ነው፣ በዚህ አንተ የጻፍከውን ሁሉ እፈርምበታለሁ።

ግን ከዚህ ተነስተህ «ስለዚህ ይቆረጥ» ስትል አብረን መሄድ አንችልም። እንዶድን አስብ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ላብ ገብቶ አረጋገጠ፣ ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩበት፣ በፈረንጆቹ 1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የእነሱን ሐይቆች የወረረ ባዕድ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እንደሚገድል ታይቶ የፈጠራ መብት ተመዘገበበት። እኛ ጋ ግን ቢልሃርዚያ ዛሬም ጣና ዳር አለ፣ ዋና የሚዋኘውን ልጅና አስጋሪውን ይይዛል። ላብ ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም፣ ከላብ እስከ ወንዙ ያለው መንገድ ላይ የሚገፋው ሰውና ገንዘብ ነው የጠፋው። አሁን ምርምሩንም ብንቆርጠው ያ መንገድ አይሠራም፣ የሚሄድበት ነገር ነው የሚጠፋው።

የበጀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ንጹህ ውሃ ይቅደም ብለሃል፣ እሺ፣ ጉድጓዱን የት ትቆፍራለህ? ውሃው ፍሎራይድ አለው የለውም፣ ክረምት ሞልቶ በጋ ይደርቃል አይደርቅም፣ ይሄን ሳትለካ የተቆፈረ ጉድጓድ ፓምፑ ዝጎ ቆሞ አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ።

ስለዚህ ከመቁረጥ ይልቅ አብረን የምንጠይቀው ነገር ይኑር። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ገጠር ወርዶ ዳታ የሰበሰበ ማንኛውም ተማሪ ወይም መምህር ዲፌንስ ከማድረጉ በፊት፣ ፐብሊሽ ያደረገም ከሆነ ፕሮሞሽኑን ከመጠየቁ በፊት፣ ያገኘውን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ለዚያው ቀበሌ ይስጥ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ወይም ዕድር ላይ ያስረዳ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መስማታቸውን ይፈርሙ። ብዙ ብር አይጠይቅም፣ የሞተር ቤንዚንና የአንድ ቀን አበል ነው። ፔዳም ፖሊም ዘንዘልማም፣ በየትኛውም የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያላችሁ መምህራን ይሄን በየዲፓርትመንታችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፣ የማንንም ፈቃድ ከአዲስ አበባ አይጠብቅም። አንተ ደግሞ ወንድሜ ብዙ አንባቢ አለህ፣ ቀጣዩን ጽሑፍህን በዚህ ላይ ጻፈው፣ የዞርኩባቸውን ቀበሌዎች ዝርዝር እኔ እሰጥሃለሁ፣ የትኛው ጥናት ተመልሶ እንዳልመጣላቸው እነሱ ራሳቸው ይነግሩሃል።